ለልመና የተተወው ቦታ

የእሷን ክፍል ከእኔ ክፍል የሚለየው አንድ የሳንቃ ግድግዳ ነው። ስታስነጥስ "ይማርሽ" የምላት ከአልጋዬ ሳልነሳ ነው። ሃያ ስድስት ዓመት እንዲህ ጎረቤታሞች ሆነን ኖረናል። ልብስ ሰፊ ነበረች። የስፌት መኪናዋን በእግሯ ስትረግጥ እኔ ዘንድ መደርደሪያ ላይ ያሉት ብርጭቆዎች ይንቀጠቀጣሉ። ረፈድ ብሎ ብርጭቆዎቹ ዝም ካሉ ወይ ታማለች፣ ወይ ክር አልቆባታል ብዬ በሯን አንኳኳለሁ።

አሁን ብርጭቆዎቹ ዝም ብለዋል። ዓይኗ ጠፍቷል። ይህን የምጽፈው እንዴት እንደጠፋ ስለማውቅ ነው። የማውቀውም ከሩቅ ሆኜ አይደለም።

ሰው ሁሉ የሚጠራት "እትዬ ምን ጎደለኝ" እያለ ነው። ስሙ የወጣላት ባሏ በሞተ ሰሞን ነው። ባሏ ግንበኛ ነበር፤ ከሦስተኛ ፎቅ ወደቀ። በቀብሩ ማግስት የቤተ ክርስቲያናችን ሰዎች መጥተው ክፍሏን ሞሉት፤ ቦታ ያጡት በር ላይ ቆሙ። እሷ መኪናዋ አጠገብ ባለችው በርጩማ ላይ ተቀምጣለች። አንዷ "እህቴ፣ ምን እናድርግልሽ? ምን ጎደለሽ?" ብላ ጠየቀቻት።

"ምን ጎደለኝ?" አለች። "እግዚአብሔር አለልኝ።"

ሰው አለቀሰ። በቀጣዩ እሁድ መጋቢው ይህንኑ ሰበኩ። ጉባኤው "አሜን" ሲል መስኮቱ ተርገበገበ። እኔ ግን ያን ዕለት በር ላይ ከቆሙት አንዷ ስለነበርኩ ሌላም ነገር አይቻለሁ። ይህን ስትናገር ጉልበቷ ላይ የባሏ ሱሪ ነበር፤ እግሩን ልታሳጥርለት የጀመረችው። ሱሪውን በሁለት እጇ ጨምድዳ ይዛው ነበር። ስብከቱ ውስጥ ሱሪው አልገባም።

ከዚያ ቀን ጀምሮ አንድ ነገር እንዲጎድላት ማንም አልፈቀደላትም።

ውሸቷን ነበር ማለቴ ግን አይደለም። ይህን ብዬ ብጽፍ እሷንም እግዚአብሔርንም አስቀይማለሁ። ደስተኛ ሰው ነበረች። ጠዋት መስኮቷን ከፍታ፣ ፀሐይ መቁረጫ ጠረጴዛዋ ላይ እስክትደርስ ቆማ ትጠብቅና "መጣሽልኝ?" ትላታለች፣ እንግዳ እንደምትቀበል። አዲስ ጨርቅ ሲመጣላት መጀመሪያ ታሸተዋለች። ዳቦ ከገዛች ግማሹ ግድግዳውን ዞሮ እኔ ጋ ይደርሳል። ምላሷም እንደ መቀሷ ነበር። አንድ ጊዜ ሆዱ የተዘረገፈ ነጋዴ ሱሪ ሊለካ መጥቶ "ሜትርሽ አጠረ እንዴ?" ቢላት፣ "ሜትሩስ አላጠረም ወንድሜ፤ ጌታ ሲባርክህ በረከቱን ሁሉ ወገብህ ላይ አራገፈው እንጂ" አለችው። ሰውዬው እየሳቀ ሄደ፤ ወንድሙንም ይዞ መጣ።

የመዘምራኑን ልብስ ስትሰፋ ደግሞ ሌላ ሰው ትሆናለች። በየሁለት ዓመቱ ሃያ አራት ቀሚስ ትሰፋለች። ገበሩን እንደ ውጪው አድርጋ ነው የምትሠራው። "ገበሩን ማን ያየዋል ብለሽ ነው?" ስላት፣ "የሚያየው ያየዋል" ትለኝ ነበር። ከዚያ በላይ አታብራራም።

ሐሙስ ሐሙስ የእናቶች ጸሎት አለን። ከመግባታችን በፊት እያንዳንዳችን አንዳንድ ወረቀት እንሞላለን። ወረቀቱ መሃል ለመሃል ተከፍሎ በቀኝ "ምስጋና"፣ በግራ "ልመና" ይላል። ከተጸለየበት በኋላ ወረቀቱ ወደ ጸሐፊዋ ይሄዳል። ጸሐፊዋ የግራውን ወገን እያየች ማን እንደታመመ፣ ማን አስታማሚ እንደሌለው፣ ማን ምን እንደሚያስፈልገው ለእርዳታ ኮሚቴው ታቀርባለች። ጥሩ ሥርዓት ነው፤ ብዙ ሰው ተረድቶበታል። በግራ በኩል ያልተጻፈ ነገር ግን ኮሚቴው ዘንድ አይደርስም።

እትዬ ምን ጎደለኝ ማንበብም መጻፍም አትችልም። እኔም አልችልም ነበር። ፊደል የቆጠርኩት በሃምሳ ዘጠኝ ዓመቴ፣ በልጅ ልጄ የአንደኛ ክፍል መጽሐፍ ነው። እንደቻልኩ የእሷንም ወረቀት እኔ መሙላት ጀመርኩ። አዳራሹ ደጃፍ ባለው አግዳሚ ላይ ተቀምጠን እሷ ትናገራለች፣ እኔ እጽፋለሁ።

"ለጠዋቷ ፀሐይ ተመስገን በይ።"

"ጻፍኩ።"

"የመኪናዬ ቀበቶ ሳይበጠስ ሳምንቱን ስላደረሰኝ ተመስገን።"

"ቀስ በይ። ቀበቶ... እሺ።"

"የፎቋ ሴትዮ ቀሚሷን ስትለካ ሳትቆጣ ስለሄደች ተመስገን። ይህቺን ሁለት ጊዜ ጻፊያት።"

የቀኙ ወገን እስከ ታች ይሞላል፤ አንዳንዴ ከጀርባ ይዞራል። የግራው ባዶ ነው። እኔ ደግሞ ባዶ ቦታ አልወድም። ፊደልን ዘግይቶ ያገኘ ሰው ባዶ ቦታ ሲያይ መጻፍ አቅቶት የተወው ይመስለዋል። ስለዚህ የግራውን ወገን ከጥግ እስከ ጥግ በማስመሪያ አንድ ቀጥ ያለ መስመር አሰምርበት ጀመር፤ "የለም" እንደማለት። መስመሬ ያምር ነበር። አንድ ቀን ጸሐፊዋ "የእናንተ ወረቀት እንዴት ንጹሕ ነው!" አለችን፤ እኔም ልቤ ሞቅ አለ። ከዚያ በኋላ ጊዜ ለመቆጠብ ብዬ የሚቀጥለውን ሳምንት ወረቀት ረቡዕ ከሰዓት ቤቴ ቁጭ ብዬ፣ ገና ሳልጠይቃት፣ አስቀድሜ ማስመር ጀመርኩ።

ሁለት ዓመት ተኩል እንዲህ አለፈ።

ዓይኗ መቼ እንደጀመራት በትክክል አልናገርም። እኔ ያየሁት ሻይ ነው። ከእኔ ጋር ተቀምጣ የሻይ ብርጭቆዋን ጠረጴዛው ላይ አስቀመጥኩ ብላ አየር ላይ ለቀቀችው። "እጄ እርጥብ ሆኖ ነው" አለች። እጇ ደረቅ ነበር። ከዚያ የበሩ ጉበን ትከሻዋን መምታት ጀመረ። ከዚያ ከጎኗ ቆሜ ሳናግራት፣ ዶሮ ጥሬ ስትፈልግ እንደምታደርገው ጭንቅላቷን ሙሉ በሙሉ አዙራ የምታየኝ ሆነች። ፊት ለፊት ያለውን ታያለች፤ ጎንና ጎኑ ግን የለም። ጨርቅ ስትቆርጥ መቀሱ የሚሄድበትን ታያለች፤ ቀድሞ የሄደበትን አታይም።

መርፌ ላይ ክር ማስገባት ሲያቅታት ጠዋት ጠዋት እየገባሁ ሃያ መርፌ ክር አስገብቼ የመርፌ መከዳዋ ላይ እሰካላት ነበር።

"ምነው እህቴ፣ ሥራ ፈታሽ እንዴ?" ትለኛለች።

"መነጽር ግዢ እንጂ።"

"መነጽር ያደረገ ሰፊ ሲያዩ ሰዎች ሒሳብ ያስቀንሳሉ።"

እሷ ትስቃለች፣ እኔም እስቃለሁ። እርጅና ነው ብዬ አሰብኩ። እኔም ያረጀሁ ስለሆንኩ እንዲህ ማሰቡ ቀለለኝ።

ለመዘምራኑ የመጨረሻዎቹን ቀሚሶች ስትሰፋ የሁለቱ ጠርዝ ተንሻፎ ወጣ። የመዘምራን አለቃው ምንም አላለም፤ ልጃገረዶቹ ግን እርስ በርስ ተያይተው በእጃቸው አፋቸውን ሸፈኑ። ሁለቱን ቀሚሶች ይዤ ቤት ገባሁና ስፌታቸውን ፈትቼ በእጄ ጠቀምኩት። አልነገርኳትም። ምናልባት ያጠፋሁት እዚህ ጋ ነው፤ ብቻ የምንደባበቀው ነገር በዛ።

ከዚያ አንድ ሐሙስ መጣ። እንደ ልማዳችን አግዳሚው ላይ ተቀመጥን። ምስጋናዋን ነገረችኝ፤ አጭር ነበር፣ አራት መስመር አይሞላም። እናቶች በአጠገባችን እያለፉ ይገባሉ። ጭንቅላቷን አዙራ አየችኝ።

"ልመና የሚለው በየት በኩል ነው?"

"በግራ። ምነው?"

"ምንም።" ቀሚሷ ላይ የሌለ ክር ለቀመች። "ዓይን ብለሽ ብትጽፊስ? ሌላ አትጨምሪ። ዓይን ብቻ።"

ወረቀቱን አየሁት። ረቡዕ አስምሬዋለሁ። ከጥግ እስከ ጥግ፣ ቀጥ ያለ።

"ቤት አስምሬው መጣሁ እኮ" አልኳት። "ገብቼ ሌላ ወረቀት ላምጣ?"

"ሰው ሁሉ ገብቷል። ተይው።"

"በጎኑ ልጻፈው?"

"አታበላሺው። መስመርሽን ሲያመሰግኑ የለ እንዴ?" ብላ ሳቀች። "ጌታ እንደሆነ ሳይለምኑትም ያውቃል።"

ተነሳች። እኔም ተነሳሁ። ተያይዘን ገባን፤ ወረቀቱን ቅርጫቱ ውስጥ የጣልኩት እኔ ነኝ። በመስመሩ ላይ ደርቤ መጻፍ እችል ነበር። ሦስት ፊደል ነው።

ወር ሳይሞላ የዓይን ሐኪሞች ቡድን ለአንድ ሳምንት ወደ ሆስፒታሉ እንደሚመጣ ተነገረ። ምርመራም ቀዶ ሕክምናም በነጻ ነው። ለቤተ ክርስቲያናችን አሥራ አምስት ሰው ተፈቀደልን። እሁድ ዕለት የአሥራ አምስቱ ስም በር ላይ ተለጠፈ። ቆሜ አነበብኩ፤ አንዴ፣ ሁለቴ፣ በጣቴ እየተከተልኩ። ዓይኑን የሚያሳክከው ሰው አለ። መነጽሩ የተጫረበት አለ። የመዘምራን አለቃው አማት "ለማንኛውም ይታዩ" ተብለው ገብተዋል። የእሷ ስም የለም።

ጸሐፊዋ ጋ ሄድኩ። ልጅ እግር ናት፤ ሥራዋን የምትወድ፣ ሰው የማትንቅ።

"ልጄ፣ እትዬ ምን ጎደለኝ ለምን አልገባችም?"

"እማማ፣ እኛ እኮ የምንሠራው በወረቀቱ ነው" አለችኝ። መሳቢያውን ከፍታ ሙሉ አቃፊ አወጣች። "ይኸው። ይኸው። ይኸው ይሄም። በሁለት ዓመት ተኩል ውስጥ አንድም ልመና የለም። እንዲያውም በማስመሪያ ተሰምሯል! መጋቢው አዳዲስ አማኞችን ሲያስተምሩ የሚያሳዩት እኮ ይህን ነው።"

"ያሰመርኩት እኔ ነኝ።"

"ጎሽ! እንዴት ያምራል!" አለችኝ።

"ልጄ ስሚኝ፤ ዓይኗ እያለቀ ነው።"

"እሳቸው ራሳቸው ብለዋል?"

"ብላለች። ለእኔ ብላለች።"

"እንግዲያው እንጠይቃቸዋ።" ክፋት አልነበረባትም። ወጣችና ግቢው ውስጥ ከሰዎች ጋር ቆማ የምትስቀውን እትዬን ጠራቻት። መጋቢውም እዚያው ነበሩ፤ ከኮሚቴው ሁለት ሰዎች ነበሩ። ሁሉም ዞሩ። "እትዬ፣ ዓይንዎን ያምዎታል እንዴ?"

እትዬ ድምፁ ወደመጣበት ዞረች። ፈገግታዋ ገና ፊቷ ላይ ነበር። ከፈገግታው ሥር አንድ ነገር ሲመጣና ሲመለስ አየሁ።

"ኧረ እኔ ምን ጎደለኝ!" አለች።

መጋቢው እጃቸውን ትከሻዋ ላይ አድርገው "አያችሁ?" አሉ። "ሰው በረከቱን ሲያውቅ እንዲህ ነው።" ጸሐፊዋ ስትዋሽ እንደተያዘች አሮጊት ቀስ ብላ አየችኝ፤ ከዚያ አዝናልኝ ይመስለኛል፣ ጎንበስ ብላ ክንዴን ጨበጠችኝ።

ወደ ቤት ስንሄድ የመንገዱ ጠርዝ ላይ ስትደናቀፍ ያዝኳት፤ ስይዛት ደግሞ ንዴቴ ገነፈለ።

"እውነቱን ብትናገሪ ምን ነበረበት?"

"ሰው ፊት ጠየቁኝ። ሰው ፊት ምን ልበል?"

"ያመኛል በያ!"

"አሥራ አምስቱ ሞልቷል። እኔ ልግባ ካልኩ አንድ ሰው ሊወጣ ነው። ማንን ላስወጣ? የአለቃውን አማት?" ትንሽ ሳቀችና "እሳቸውን እንኳ ባስወጣ ደስ ይለኝ ነበር፤ የለካኋቸው ጊዜ ቆንጥጠውኛል" አለች።

አልሳቅኩም። ሐኪሞቹ መጡ፣ ሳምንታቸውን ጨረሱ፣ ሄዱ። ያን ሳምንት እሷ መጋረጃ ስትሰፋ ነበር።

ከስምንት ወር በኋላ አንድ ጠዋት መኪናዋ በመሃል ቆመ። ጩኸት አልሰማሁም፤ ብርጭቆዎቹ ብቻ ዝም አሉ። ስገባ የመኪናው መርፌ ጠቋሚ ጣቷን ከጥፍሯ ላይ ወግቶ ከጨርቁ ጋር ሰፍቶታል። እሷ ጣቷን አላየችውም። ጨርቁ ለምን አልሄድ እንዳለ በሌላው እጇ እየዳበሰች ነበር።

ጣቷን ያሸገችው ነርስ ናት ወደ ዓይን ክፍል የላከችን። ሐኪሟ ወጣት ሴት ነበረች። ጣቷን በእትዬ ፊት በቀኝ በኩል አደረገች፣ በግራ አደረገች፣ ከላይ አደረገች። "ያዩታል? አሁንስ? አሁንስ?" እትዬ የምታየው ጣቱ አፍንጫዋ ትይዩ ሲደርስ ብቻ ነበር። በመሣሪያ አየቻት። ከዚያ ወንበሯን አስጠግታ ተቀመጠች፤ ሐኪም ሲቀርብ ነገሩ ከባድ እንደሆነ አውቃለሁ።

"የዓይን ግፊት ነው፣ እማማ። ግፊቱ ነርቩን ገድሎታል። የጠፋውን መመለስ አይቻልም። የቀረችውን ለማቆየት ጠብታ እሰጥዎታለሁ፤ ግን በጣም ቆይታችኋል።" ወደ እኔ ዞረች። "ባለፈው ዓመት ቡድን ሲመጣ ለምን አላመጣችኋቸውም? ያኔ ቢሆን ብዙ ማትረፍ ይቻል ነበር። እኔም እኮ አብሬ እሠራ ነበር። በመጨረሻው ቀን ሦስት ሰዎች ቀርተው ወንበራቸው ባዶ ነበር፤ ተቀምጠን ስንጠብቅ ዋልን።"

ሦስት ወንበር።

ኮሪደሩ ላይ ተቀመጥን። እትዬ የታሸገ ጣቷን በሌላው እጇ ይዛለች።

"ለምንድን ነው ያልነገርሽኝ?" አልኳት። "እሺ እነሱስ ይቅሩ፤ ለእኔ በቤትሽ፣ በርሽን ዘግተሽ፣ እንዲህና እንዲህ ሆኛለሁ ብትይኝ ምን ነበረበት?"

"ስሜን ፈርቼ ነው።"

"ምኑን?"

"ስሜን። እትዬ ምን ጎደለኝ ጎደላት ሲባል ይታይሽ። ሃያ ምናምን ዓመት ሰው በእኔ ሲጽናና ኖሯል። 'እሷን እዩ' ይላሉ። አንዷ ልጇ ሲታመምባት መጥታ እግሬ ሥር ተቀምጣ፣ አንቺን ሳይ እበረታለሁ አለችኝ። እሷን ምን ልበላት? ተሳስተሻል ልበላት?" ከዚያ ድምፅዋ ዝቅ አለ፤ ቁጣ ግን አልነበረበትም። "አንቺም እኮ አስምረሽ ነበር የምትመጪው።"

ክንዷን ይዤ ከመቀመጫው አስነሳኋት።

የቀረችው ብርሃን ከዓመቱ መጨረሻ በፊት ሄደች። መጀመሪያ መርፌው ጠፋባት፣ ከዚያ ክሩ፣ ከዚያ ጨርቁ፣ ከዚያ መስኮቱ። ፀሐይ ጠረጴዛው ላይ መድረሷን አሁን በመዳፏ ነው የምታውቀው። መኪናዋን ጨርቅ አለበሰችው። እውነት ለመናገር ቤተ ክርስቲያኑ ያኔ ደረሰላት። ጸሐፊዋ ራሷ መጥታ አጠገቧ ተቀምጣ ጻፈች። ሳሙናና ዳቦ በየሳምንቱ ይመጣል፤ ነጭ ዱላም ተሰጣት። ሰው በጣም ጥሩ ነው። አንድ ነገር ከጎደለሽ በኋላ ሰው በጣም ጥሩ ነው።

መዘምራኑ አዲስ ልብስ አስፈለጋቸው። ከሱቅ ተገዛላቸው፤ ዚፕ ያለው፣ የሚያብረቀርቅ። መጀመሪያ የሚለብሱበት እሁድ መጋቢው ቅዳሜ ከሰዓት ክፍሏ ድረስ መጡ።

"እትዬ፣ ነገ ቆመው ሁለት ቃል ቢያካፍሉን ብዬ ነው። እንዲህም ሆነው እንደሚያመሰግኑ ሰው ቢሰማ፣ ለወጣቶቹ ትልቅ ትምህርት ነው።"

"እሺ ልጄ" አለች።

ከሄዱ በኋላ "ምን ልትዪ ነው?" ብዬ ጠየቅኳት።

"እኔ እንጃ። እስኪ ሌሊቱን አስብበታለሁ።"

በማግስቱ እጇን ይዤ ወደ መድረኩ አወጣኋት። አንዷ የመዘምራን ልጅ በአጠገቧ ስታልፍ እትዬ እጅጌዋን ያዘችና በሁለት ጣቷ አሸችው። "ገበር የለውም" አለች ቀስ ብላ፤ ድምፅ ማጉያው ግን ተከፍቶ ስለነበር አዳራሹ ሁሉ ሰማ። ሰው ሳቀ። እሷም ሳቀች። አንድ ሕፃን ሲያስል ተሰማ።

"ማየት እፈልጋለሁ" አለች።

"ብዙ ነገር አመስግኜአለሁ፤ ሁሉንም ከልቤ ነው። ይህን ግን ለምኜ አላውቅም። ስለዚህ ዛሬ እዚህ ቆሜ እለምናለሁ። ማየት እፈልጋለሁ።"

መጋቢው ፈጠን ብለው ቀረቡ። ድምፅ ማጉያውን ከእጇ ሳይነጥቁ ወደ ራሳቸው ዘንበል አደረጉትና "አሜን!" አሉ። "እናታችን የምትናፍቀው የሰማዩን ክብር ማየት ነው፤ ወገኖቼ፣ ሁላችንም..."

"አይደለም ልጄ" አለች። "እኔ የምለው የመርፌ ቀዳዳ ነው።"

መጋቢው አፋቸው እንደተከፈተ ቀረ። ወደ መዘምራኑ ዞረው እጃቸውን አነሱ፤ መዝሙሩ ተጀመረ፣ ጮክ ብሎ። ይዣት ወረድኩ። ደረጃው አራት ነበር፤ ለእያንዳንዱ "ሦስት ቀረ፣ ሁለት ቀረ፣ አንድ ቀረ" እያልኳት።

ሳያልቅ ወጣን። መንገዱ ላይ ሰው አልነበረም። ክንዴን እንደያዘች ጥቂት ከሄድን በኋላ፣

"ጮህኩ እንዴ?" አለችኝ።

"አልጮህሽም።"

"ሰው ምን መሰለ? ፊታቸውን ንገሪኝ።"

ልዋሻት አስቤ ነበር። "የፊተኛው ረድፍ ጫማውን ያያል" አልኳት። "መጋቢው ሰዓታቸውን አዩ። ጸሐፊዋ ታለቅስ ነበር።"

"ጸሐፊዋ?"

"አዎ።"

"እሷስ ልጅ ናት፤ ምን ታድርግ።" ትንሽ ሄድን። "አንቺስ?"

"እኔ ምን?"

"ፊትሽ።"

"እኔም ጫማዬን አየሁ" አልኳት። እውነት ነው፤ አይቻለሁ።

ቤት ደረስን። በሯን ከፍቼላት ገባች። እኔም ገብቼ አልጋዬ ላይ ጋደም አልኩ፤ ከሰዓት ነበር፣ ግድግዳው ላይ ሙቀት አለ። ስትንበረከክ ሳንቃው ሲንቋቋ ሰማሁ። ጸሎቷን ሃያ ስድስት ዓመት ሰምቼዋለሁ፤ እንዴት እንደሚጀምር አውቃለሁ። ያን ቀን እንደዚያ አልጀመረም። "ዓይኔን" አለች። ደግማ "ዓይኔን" አለች። ልጅ የእናቱን ቀሚስ ይዞ እንደሚነዘንዘው፣ ያችኑ አንዲት ቃል። ተመስገን የምትለው እስኪመጣ ተኝቼ ጠበቅኩ። አልመጣም። ፀሐይ ከግድግዳው ላይ ስትነሳም አልመጣም።

ከዚያ ወዲህ አሥራ አንድ ወር ሆኗል። እሁድ ቆመው ይናገሩ የሚላት የለም፤ መጋቢው ሌላ ሴት አግኝተዋል፣ ልጇን የቀበረች፣ ፈገግ የምትል። ተመስገኑ ወደ እትዬ ተመልሷል፤ በየጠዋቱ በግድግዳው በኩል ይሰማኛል። ዓይኗ አልተመለሰም። ተመስገኑም አሁን የሚመጣው ከልመናው በኋላ ነው፤ ልመናው ደግሞ ረጅም ነው።